ንጉሥ የሚለው ቃል ያስቸገረው ንጉሥ

ከሎግያ ወደ ሰመራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነን። መውረጃችን ደርሷል። ማለት ያለብን ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ወራጅ አለ። ሰው ሁሉ በቀን አስሬ የሚለው ነገር። ያቺ ወ ግን ከንፈራችን ላይ ተጣብቃ አልወጣ አለች። መኪናው አለፈ። ቀጣዩ ሰው ሲወርድ አብረን ወረድንና በዚያ የሰመራ ፀሐይ ወደ ኋላ በእግራችን ተመለስን።

ለብዙዎቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለሚንተባተብ ሰው ግን የዕለት ኑሮው ነው። ይሄን የምንጽፈው እኛ ያደግነው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ አሁን ደሞ ለሥራ በአዋሽና በሰመራ መሀል እንመላለሳለን። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። መታወቂያ እናሳያለን፣ ስም እንጠየቃለን። የገዛ ስሙን ለመናገር የሚታገል ሰው ታዲያ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። ስማችንን ጠፍቶን አይደለም። ከቃል ሁሉ የሚከብደን እሱ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱም በሌላ ቃል መቀየር አይቻልም።

ያለነው ደግሞ አፋር ውስጥ ነው። እዚህ ዳጉ የሚባል ነገር አለ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቆም ብሎ፣ ሲመችም አረፍ ብሎ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ ይነጋገራል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ሞተውም ስለ ተወለደውም ይባባላል። ስልክ ሳይመጣ በፊት ወሬ ከአዋሽ እስከ አሳይታ የሚደርሰው እንዲህ ነበር። ታዲያ መናገር ግዴታ በሆነበት አገር አንደበቱ የሚያዝ ሰው ምን ያድርግ?

ይሄን ስናብሰለስል አንድ የቆየ ታሪክ አገኘን። የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 6ኛ ታሪክ ነው። የሩቅ ሰው ነው ትሉን ይሆናል። ግን የተወለደው በአድዋው ዘመን ነው፣ ታሪኩም እዚሁ አዋሽ ወንዝ ድረስ ይመጣል። ዓ.ም. ያልንበት የኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው የአውሮፓውያኑ ነው።

የሁለተኛው ልጅ ነገር

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አምባላጌ ላይ ጣልያንን አሸነፈ። ልክ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን፣ በእንግሊዝ ንጉሣውያን ርስት ሳንድሪንግሃም ውስጥ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። በነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 1895 መሆኑ ነው። 3 ወር ሳይሞላው አድዋ ሆነ።

ልጁ አልበርት ፍሬደሪክ አርተር ጆርጅ ተባለ። ቤተሰቡ ግን በርቲ ብሎ ነው የሚጠራው። የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ንጉሥ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም ከሱ በፊት ኤድዋርድ አለ። ኤድዋርድ መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ አፉ የማይያዝ ልጅ ነበር። በርቲ ዓይን አፋር ነው። ሆዱን ያመዋል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለነበር እንዲቃናለት እግሩ ላይ መደገፊያ እየታሰረለት ያድራል። በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ሆኖ ሳለ በቀኝህ ጻፍ ተብሎ ተገደደ።

8 ዓመት ገደማ ሲሆነው መንተባተቡ በግልጽ ታየ። ድሮ ግራኝን በቀኝ እንዲጽፍ ማስገደድ ያንተባትባል ይባል ነበር። የዛሬ ሳይንስ ይሄ መሆኑን አላረጋገጠም። የተረጋገጠው ነገር ሌላ ነው፦ አባቱ ቁጡና ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር። ልጁ ቃል ላይ ሲያዝ ቶሎ እንዲያወጣው ይጫነው ነበር። ቶሎ በል የተባለ ምላስ ደግሞ ይበልጥ ይታሰራል። ይሄንን የሚንተባተብ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1909 ወደ ኦስቦርን የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። መምህሩ የግማሽ ግማሽ ስንት እንደሆነ ጠየቀው። በርቲ መልሱን ያውቃል፤ ሩብ ነው። ግን በእንግሊዝኛ ሩብ የሚለው ቃል የሚጀምረው በክ ድምፅ ነው፣ ያ ድምፅ ደግሞ የሱ ዋና ጠላት ነው። ዝም አለ። መምህሩም አያውቅም ብሎ አለፈው።

እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኛ እናውቃለን። መልሱን እያወቅን አላውቅም ያልንበት ቀን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም አላውቅም ብሎ ራስ መነቅነቅ ቃል አይጠይቅም። በርቲ በመጨረሻው ፈተና ከ68 ተማሪ 68ኛ ወጣ። መቼም የውጤቱ ምክንያት መንተባተብ ብቻ ነው አንልም። ግን ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ደነዝ ነው ተብሎ ሲታለፍ የሚደርስበትን እናውቃለን።

ጦርነት አልፎ መድረክ የፈራ

ፈሪ ግን አልነበረም። ሜይ 31 ቀን 1916፣ 20 ዓመቱ ላይ፣ ኮሊንግውድ በምትባለው የጦር መርከብ ውስጥ ሆኖ በጀትላንድ የባሕር ጦርነት ተዋግቷል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ትልቁ የባሕር ውጊያ ያ ነው። በጨጓራ ሕመም ተሠቃይቶ በ1917 ኦፕራሲዮን ሆነ። ከዚያ አየር ኃይል ገባና በ1919 አብራሪነት ተመረቀ። ከንጉሣውያን ቤተሰብ አብራሪ በመሆን የመጀመሪያው እሱ ነው።

መድፍ ያላስደነገጠውን ሰው ያስደነግጠው የነበረው ማይክሮፎን ነው። ይሄን ስናነብ ሳቃችን መጣ፣ ቀጥሎም አሳዘነን። ሰው ከሚፈራው ነገር ትልቅነት ተነስቶ ድፍረቱን መለካት አይቻልም። አንዱ ጥይት ይፈራል፣ ሌላው ስልክ አንስቶ ሄሎ ማለት ያስፈራዋል።

በ1920 የዮርክ መስፍን ተባለ። መስፍን ሲሆን ደግሞ ንግግር ይበዛል፤ ፋብሪካ ይመረቃል፣ ግብዣ አለ፣ ሰዎች ተነስተው ዝም ብለው ያዩሃል። በ1921 የጀመረው አንድ የልጆች ካምፕ ነበረው። ከሀብታም ትምህርት ቤቶችና ከፋብሪካ የመጡ ወንዶች ልጆችን በየዓመቱ አንድ ላይ ያሰፍራል። እዚያ ከልጆቹ ጋር እጁን እያወዛወዘ ይዘፍን ነበር። ልብ በሉ፣ ሲዘፍኑ ብዙዎቹ ተንተባታቢዎች አይያዙም። ብቻችንን ስናወራ፣ ከሰው ጋር በአንድ ድምፅ ስናነብም እንደዚያው ነው። መስጊድ ውስጥ አብረን ስንቀራ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረን ስንዘምር ምላሳችን የሰው ሁሉ ምላስ ይሆናል። ሰው ዞሮ ሲያየን ግን ያ ይጠፋል።

ኤልሳቤጥ ቦውስ ላየን የምትባል ስኮትላንዳዊት ልጅ ወደደ። ላግባሽ ብሎ ሲጠይቃት እምቢ አለችው፤ በኋላ ግን እሺ አለችና ኤፕሪል 26 ቀን 1923 ተጋቡ። በ1924 መጨረሻ ሁለቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ። በስዊዝ ቦይ አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ወርደው፣ በኤደን በኩል ኬንያ፣ ቀጥለውም ኡጋንዳና ሱዳን ገቡ። መርከባቸው በአፋር ምድር ጠረፍ በኩል አልፋለች ማለት ነው።

ዌምብሌይ

በ1925 በለንደን ዌምብሌይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር፣ የዚያ ዓመት ፕሬዚዳንቱም በርቲ ነበር። ኦክቶበር 31 ቀን መዝጊያውን እንዲናገር ተደረገ። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ አለ። ድምፅ ማጉያ አለ። ድምፁን የሚያስተላልፍ ራዲዮም አለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ንጉሥም ሆነ መስፍን ቢንተባተብ የሚሰማው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። አዋጁን አዋጅ ነጋሪ ይለፍፍለታል። ራዲዮ ሲመጣ ግን መሸሸጊያ ጠፋ። በርቲ የተወለደው ልክ ይሄ በተቀየረበት ዘመን ነው። እኛም በቪዲዮና በድምፅ መልእክት ዘመን ተወለድን፤ ጓደኞቻችን ቴሌግራም ላይ በድምፅ ሲያወሩ እኛ በጽሑፍ የምንመልሰው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

የዚያን ቀን በርቲ ተሠቃየ። ዝምታው ረዘመ፣ ቃሉ ተሰበረ፣ ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። ንግግሩን ጨረሰው፣ ግን ለሱም ለሚያዳምጡትም ከባድ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች ሞክረውት ነበር፤ አንዱም አልሠራለትም። እሱም ተስፋ ቆርጦ ነበር።

ዲግሪ ያልነበረው ባለሙያ

ሊዮኔል ሎግ አውስትራሊያዊ ነው። በ1880 አደሌድ ከተማ ተወለደ። ሐኪም አይደለም፣ የሕክምና ዲግሪም የለውም። የንግግርና የመድረክ አነጋገር አስተማሪ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድምፃቸው የጠፋና ምላሳቸው የታሰረ ወታደሮችን በልምምድ እየረዳ ነው ሙያውን ያዳበረው። በ1924 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ለንደን መጣና በሐኪሞች ሰፈር ሃርሊ ስትሪት አንድ ክፍል ተከራየ። እኛም ዲግሪ ስለሌለን ይሄ ቦታ ላይ ስንደርስ ፈገግ ማለታችንን አንደብቅም።

በርቲ በኦክቶበር 1926 የሎግን በር አንኳኳ። ሎግ መረመረውና መተንፈሱና ድምፁ አብረው እየሠሩ እንዳልሆነ ነገረው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ልምምድ አዘዘለት፤ ከሆድ በጥልቀት መተንፈስ፣ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆሞ አናባቢ ድምፆችን ረዘም አድርጎ ማሰማት፣ ምላስ የሚያደናቅፉ ዓረፍተ ነገሮችን ማንበብ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አሳመነው፦ የተበላሸ ሰው እንዳልሆነ፣ በራሱ ጥረትም መሻሻል እንደሚችል።

በ14 ወር ውስጥ 80 ጊዜ ያህል ተገናኙ። 80 ጊዜ! ዩቲዩብ ላይ በ5 ደቂቃ ከመንተባተብ ተገላገሉ የሚል ቪዲዮ ስታዩ ይሄን ቁጥር አስታውሱት። ቤት ሲገባ ደግሞ ባለቤቱ አብራው ትለማመዳለች። ሎግም ኤልሳቤጥም አላቻኮሉትም። ዕድሜውን ሙሉ ቶሎ በል ሲባል የኖረ ሰው፣ 30 ዓመት አልፎት የሚጠብቁት ሰዎች አገኘ።

ሜይ 9 ቀን 1927 በርቲ አውስትራሊያ ነበር። ካንቤራ ላይ አዲሱን የፓርላማ ሕንጻ መርቆ ተናገረ። ያለ ትልቅ ችግር ጨረሰው። ከዌምብሌይ በኋላ 2 ዓመት እንኳ አልሞላም።

ያልጠበቀው ዘውድ

በ1930 የበርቲ ቤተሰብ ስም በእኛ ከተማ አለፈ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ሲጭኑ የእንግሊዝን ንጉሥ ወክሎ የመጣው የበርቲ ታናሽ ወንድም የግሎስተር መስፍን ሄንሪ ነው። ከጅቡቲ በባቡር ነው የመጣው፣ ባቡሩ ደግሞ የሚያልፈው በአዋሽ ጣቢያ ነው። በርቲ ራሱ በዚያ ጊዜ ጸጥ ያለ ኑሮ ይኖር ነበር። ሁለት ሴት ልጆች ወልዷል፣ ትልቋ ኤልሳቤጥ ናት።

ጃንዋሪ 1936 አባቱ ሞተ። ተጫዋቹ ኤድዋርድ ነገሠ። ግን ሁለት ጊዜ የፈታች አሜሪካዊት ላግባ ብሎ መንግሥት እምቢ ሲለው፣ ዲሴምበር ላይ ዘውዱን ትቶ ሄደ። ተራው የበርቲ ሆነ። በርቲ እናቱ ዘንድ ሄዶ ነገሩን ሲነግራት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይሄን ራሱ በማስታወሻው ጽፎታል። ዲሴምበር 11 ቀን ነገሠ፤ 41ኛ ዓመቱን ሊይዝ 3 ቀን ቀርቶት ነበር። የአባቱን ስም ወስዶ ጆርጅ 6ኛ ተባለ።

ከ2 ቀን በኋላ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በራዲዮ ስለ አዲሱ ንጉሥ ሲናገሩ፣ ንግግሩ አልፎ አልፎ እንደሚያዝ አነሱ። ሰው እንዳይጨነቅ ብለው ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ ዕድሜህን ሙሉ የደበቅከው ነገር በራዲዮ ለአገር ሲነገር። በእንግሊዝኛ ንጉሥ የሚለው ቃል ራሱ በዚያው በክ ድምፅ ነው የሚጀምረው። ቀድሞ ስለ አባቱ ሲያወራ ግርማዊነታቸው እያለ ቃሉን ይሸሽ ነበር ይባላል። አሁን ያ ቃል የራሱ ማዕረግ ሆነ።

በዚያው ዓመት አፄ ኃይለሥላሴ ስደተኛ ሆነው እንግሊዝ አገር ገብተው ነበር። ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለመናገር ሲቆሙ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው ጠበቁ። ጩኸኞቹ ከአዳራሹ ሲወጡ በአማርኛ ተናገሩ። እሳቸው ተንተባታቢ አልነበሩም። ታሪኩን ያነሳነው መድረክ ላይ ዝም ብሎ መቆም ሽንፈት እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። ጆርጅ 6ኛም ይሄንኑ እየተማረ ነበር።

ሜይ 12 ቀን 1937 ዘውድ ጫነ። የዚያኑ ዕለት ማታ በራዲዮ ተናገረ። ሎግ አብሮት ነበር። ንግግር በመጣ ቁጥር ሁለቱ ወረቀቱን ይዘው ይቀመጣሉ። የሚያስቸግሩ ቃላት በሌላ ይቀየራሉ፣ የት መተንፈስና የት ማረፍ እንዳለበት በእርሳስ ይሰመራል።

አመሻሽ 12 ሰዓት

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ጦርነት ውስጥ ገባች። የዚያ ቀን አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ንጉሡ በራዲዮ ለአገሩና እንግሊዝ ለምትገዛቸው አገሮች ሁሉ መናገር ነበረበት። ንግግሩ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ሎግ ወረቀቱ ላይ ማረፊያዎቹን አስምሮ አጠገቡ ቆመ።

ድምፁ ዛሬም አለ፣ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ስሙት። ቀስ ይላል። በየመሀሉ ዝም ይላል። አንዳንዱ ዝምታ ረዘም ያለ ነው። ሎግ ያስተማረው ይሄንን ነው፦ ምላሱ የሚታሰርበትን ቦታ ሁሉ የማረፊያ ቦታ ማድረግ። ለማያውቅ ሰው የከባድ ቀን ከባድ ንግግር ነው። ለምናውቅ ለእኛ ግን እያንዳንዱ ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው ከአንድ ቃል ጋር ሲታገል ይሰማናል። መንተባተቡ አልጠፋም፤ ይዞት ተናገረ።

በዓመቱ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ንጉሡና ንግሥቲቱ ከተማውን ጥለው አልሄዱም። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1940 ቦምብ ቤተ መንግሥቱ ላይ ሲወድቅ ሁለቱም ውስጥ ነበሩ።

አዋሽ፣ 1933 ዓ.ም.

ጦርነቱ እኛም ጋ መጣ። በ1941 መጀመሪያ ላይ ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር በሶማሌ በኩል ጅጅጋን፣ ሐረርንና ድሬዳዋን አልፎ ወደ አዋሽ ገሰገሰ። ጣልያን እያፈገፈገ ሲሄድ እዚህ አዋሽ ላይ ድልድዩን አፈረሰው። በኤፕሪል መጀመሪያ ጦሩ ወንዙን ተሻገረና መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አርበኞች 5 ዓመት ሙሉ የተዋጉለት ነፃነት ሚያዝያ 27 ቀን በአፄው መመለስ ታወጀ።

አዋሽን ከተሻገሩት መካከል ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የሚባለው፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ልጆች የተመለመለው ጦር ነበረ። ስሙ የንጉሡ ማለት ነው። በርቲ ለመናገር የታገለው ያ ቃል በምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች መለያ ላይ ሆኖ የእኛን ወንዝ ተሻገረ። እነዚያ ወታደሮች ቅኝ ለገዛቸው ንጉሥ መዋጋታቸውን አንረሳም፤ ጆርጅ 6ኛን እያወደስን መንግሥቱን ማሞገስ አይደለም ሐሳባችን። የምናወራው ስለ ሰውየው ጉሮሮ ነው።

የመጨረሻው ንግግር

ጆርጅ 6ኛ ሲጋራ አብዝቶ ያጨስ ነበር። የሳንባ ካንሰር ያዘውና በሴፕቴምበር 1951 ግራ ሳንባው ወጣ። በዚያ ዓመት የገና መልእክቱን በአንዴ መናገር አልቻለም፤ አቅም ባገኘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተቀዳ ተገጣጠመ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1952 በተወለደበት በሳንድሪንግሃም በእንቅልፉ ሞተ። 56 ዓመቱ ነበር። ልጁ ኤልሳቤጥ ንግሥት መሆኗን የሰማችው ኬንያ ሆና ነው። ሎግም በዓመቱ ኤፕሪል 1953 ሞተ።

ጆርጅ 6ኛ ከመንተባተብ ድኖ አያውቅም። ቀነሰለት፣ ያዘው፣ አሠለጠነው እንጂ እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር። እኛን የገረመንም ያጽናናንም ይሄ ነው። እስክንድን ድረስ ብለን ዝም ብንል ዕድሜያችንን ሙሉ ዝም እንላለን።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። በጦርነቱ ጊዜ ዴቪድ ሳይድለር የሚባል ትንሽ ልጅ ይንተባተብ ነበር። ወላጆቹ የንጉሡን ንግግር በራዲዮ እንዲሰማ ያደርጉት ነበር። ልጁ አድጎ የፊልም ጸሐፊ ሆነ። የንጉሡን ታሪክ ልጻፍ ብሎ ባለቤቱን ሲያስፈቅዳት፣ ትዝታው ስለሚያማት እሷ በሕይወት እያለች እንዳይሆን ለመነችው። ጠበቀ። እሷ በ101 ዓመቷ በ2002 አረፈች። ፊልሙ በ2010 ወጣና በ2011 የምርጥ ፊልምን ጨምሮ 4 ኦስካር ወሰደ። ሳይድለር ለድርሰቱ ኦስካር ሲቀበል 73 ዓመቱ ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ

በዓለም ላይ ከ100 አዋቂ ሰዎች 1 ያህሉ ይንተባተባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል፣ አንዳንዶቻችንን ግን አይተወንም። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በዘር የመተላለፍ ነገርም አለው። መነሻው አንጎል ንግግርን የሚያቀናጅበት መንገድ እንጂ እርግማን ወይም የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ፍርሃት መንተባተብን አይፈጥረውም፣ ያባብሰዋል እንጂ።

እዚህ አካባቢ ሙሳን የማያውቅ የለም። በክርስትናም በእስልምናም ሙሴ አንደበቱ የሚከብድ ሰው ነበር። ቁርኣን ውስጥ በሱረቱ ጣሃ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ሲለምንና ወንድሙ ሃሩን እንዲያግዘው ሲጠይቅ እናገኘዋለን። ያንን ዱዓ ፈተና ሲገቡና ሰው ፊት ሲቆሙ የሚሉት ብዙ ናቸው። ፈርዖን ፊት እንዲቆም የተመረጠው እንግዲህ አፉ የሚያዘው ሰው ነው።

ሎግ በየከተማው የለም። ብዙዎቻችን ባለንበት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም። እስከዚያው የሚንተባተብ ሰው ስታገኙ ቃሉን አትጨርሱለት። ተረጋጋ፣ ቀስ በል አትበሉት፤ እሱ የቀረበት ምክር ያ አይደለም። ዓይኑን እዩትና ጠብቁ። ኬላ ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ባንክ መስኮት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ 10 ሰከንድ ጨምሩለት። ስሙን እስኪል የዘገየ ሁሉ አይዋሽም።

ለምትንተባተቡት ደግሞ እኛን የጠቀመን ነገር ይሄ ነው፦ አስቀድመን እንናገረዋለን። እንንተባተባለን፣ ትንሽ ጠብቁን ብለን ስንጀምር ግማሹ ፍርሃት ይሄዳል፤ የሚደበቅ ነገር አይኖርማ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ነው የገባን። ዳጉ ሲባል ስለ ተናጋሪው ብቻ እናስብ ነበር። ዳጉ ግን ተቀምጦ የማዳመጥ ባህልም ነው። የሰማኸውን ነገ ለሌላ የምታደርሰው አንተ ስለሆንክ እስከ መጨረሻው ትሰማለህ፣ ያልገባህን ትጠይቃለህ። የምናወራው ሰው እስኪጨርስ መጠበቅን ከለንደን መማር አያስፈልገንም፤ እዚሁ ነበረ።

ባለፈው ሳምንት ከሎግያ ወደ ሰመራ ስንመጣ መውረጃችን ደረሰ። ወ ተያዘች። ትንፋሽ ወሰድን። ድጋሚ ተያዘች። አጠገባችን ያለው ሰው ዞሮ አየን፣ እኛም አየነው። በሦስተኛው ወጣች። ሚኒባሱ ትንሽ አልፎ ቆመ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድን። ፀሐዩ ያው ነው።